ሐይቅ ላይ ፍሬን የለም

«ማን ነው የሠራው?»

አባቷ ይህን ሲጠይቁ ሀጂራ የቀኝ እጇን አውራ ጣት በሻርፗ ጫፍ ጠቅልላ ደበቀችው። ጣቷ ከትናንት ጀምሮ ይለበልባታል። ሬዲዮ ጠጋኞች ሽቦ የሚያጣብቁበትን ካውያ በባዶ እጅ የነካ ሰው ያውቀዋል።

«እኔ» አለ ታላቅ ወንድሟ አሕመድ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

አቶ ቡርሀን ከሞተር ሳይክሉ ኋላ ቆመዋል። ከኮርቻው በስተኋላ የታሰረው የዓሣ ሳጥን ጀርባ ላይ ሁለት ቀያይ የኤልኢዲ መስመሮች ተለጥፈዋል። የላይኛው ሁልጊዜ ይበራል። የታችኛው ግን አሕመድ ፍሬን ሲይዝ ብቻ ቦግ ይላል፤ ሲለቅ ድርግም። አባቷ አንገታቸውን አዘንብለው ደጋግመው አዩትና በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማሻአላህ! ልጄ እጅ አለው።»

እጅ ያለው ማን እንደሆነ አላህ ያውቃል፣ አለች ሀጂራ በሆዷ። ዝም ለማለት የተስማማችው ራሷ ነበረች፤ ያም ሆኖ ሲሰሙት እንዲህ ያቃጥላል ብላ አልጠበቀችም።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በሳጥኑ ምክንያት ነው። አሕመድ በየማለዳው አባታቸው ከጣና ያወጡትን ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ ጭኖ ለባሕር ዳር ምግብ ቤቶች ያደርሳል። ሳጥኑ ሰፊ በመሆኑ የሞተሩን የኋላ መብራት ጥርግ አድርጎ ይሸፍነዋል። ከኋላ የሚመጣ ሰው አሕመድ ይሂድ ይቁም የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ከረመዳን በፊት፣ ጭጋግ ሐይቁን ትቶ አስፋልቱ ላይ በተኛበት አንድ ጠዋት፣ ዓባይ ድልድይ አጠገብ ባጃጅ ከኋላ ገጨው። ዓሣው መንገዱ ላይ ተበተነ፤ የአሕመድ ክርን እስከ አጥንቱ ተላጠ። ቤት ሲገባ እናታቸው ስለ ክርኑ አለቀሱ፣ አባታቸው ስለ ዓሣው ተቆጩ። ሀጂራ ደግሞ ስለ መብራቱ ስታስብ አደረች።

ዘጠነኛ ክፍል ናት። የኮረንትን ነገር ከፊዚክስ ትምህርቷ፣ የቀረውን ከጓደኛዋ ከሪሃና ስልክ ላይ ከምታያቸው ቪዲዮዎች ቃርማለች። ቪዲዮ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን ዓሣ አይጭኑም። የእነ ሀጂራ ሳጥን በየቀኑ ተፈትቶ ሐይቅ ውስጥ ይታጠባል፤ ስለዚህ ሽቦው የሚነቀልና የሚሰካ እንዲሆን አደረገች። ውኃ እንዳይገባበት ደግሞ መገጣጠሚያውን ሁሉ አባቷ የጀልባ ስንጥቅ በሚደፍኑበት ሬንጅ ደፈነችው። ይህን ማንም ቪዲዮ አላስተማራትም። ጥፍሯ ሥር የገባው ጥቁር ሬንጅም እስካሁን አልለቀቃትም።

ታዲያ ለምን አሕመድ «እኔ» አለ? ባለፈው ዓመት ሀጂራ የሞተሩን ክላክስ ፈትታ ገጥማ ነበር። አንድ ሽቦ ስታ ኖሮ ክላክሱ በጁምዓ ቀን፣ እመስጊዱ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ ሶላት ላይ ሳለ በገዛ ፈቃዱ ይጮህ ጀመር። ኢማሙ ሶላቱን ጨርሰው እስኪያሰላምቱ ድረስ ጮኸ። አቶ ቡርሀን ያን ዕለት ፊታቸው ከአምባዛ ጠቁሮ ቤት ገቡና ፈረዱ፤ «ሁለተኛ ያቺን ሞተር ብትነኪ፣ ወላሂ ክረምቱን እንፍራንዝ አክስትሽ ዘንድ አረም ስትነቅይ ትከርሚያለሽ! የሴት ልጅ እጅና የሞተር ሽቦ ምን አገናኛቸው?»

ያበላሸችው ክላክሱን ነው፤ የተፈረደባት ግን በሴትነቷ ነበር። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። አሕመድም አንድ ጊዜ ካርቦሬተር አጸዳለሁ ብሎ ሞተሩን ሳምንት ሙሉ አቁሞታል። እሱን እንፍራንዝ ያለው የለም። ስለዚህ መብራቱ በእሱ ስም እንዲወጣ ተስማሙ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። የአሕመድ «እኔ» ከቤት ወጥታ በሐይቁ ዳር ዞረች። ከሁሉ አስቀድመው የመጡት ጎረቤታቸው ጋሽ ኢብራሂም ናቸው። ጋሽ ኢብራሂም ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው በጎንደር መንገድ እስከ ሐሙሲት ዓሣ የሚያደርሱ ሰው ናቸው። ሳጥናቸው ከእነ አሕመድ ሳጥን ይበልጣል።

«አሕመዴ፣ ለኔም እንደዚያች አድርገህ አብጅልኝ።»

«ችግር የለም ጋሼ! እንዲያውም የርስዎን የበለጠ አደምቀዋለሁ» አለ አሕመድ። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞሮ መጣና ልብስ የምታሰጣዋን እህቱን በፈገግታ ቀረባት።

«ሀጁዬ፣ የኔ ኢንጂነር፣ አንዲት ሥራ አለችሽ።»

«ሰማሁ። እሠራለሁ» አለች ሀጂራ ልብሱን እያራገፈች። «መጀመሪያ ግን የኛን የሠራሁት እኔ መሆኔን ለአባባ ንገርልኝ።»

«አብደሻል? አንቺ ወደ እንፍራንዝ፣ እኔ ደግሞ የሰፈር መሳቂያ? ጀለሶቼ ሁሉ ሙድ ሊይዙብኝ ነው የምትፈልጊው?»

«በክላክሱ ጊዜ አገር ሙድ ሲይዝብኝ የት ነበርህ?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ሌላ አይደለም። ስሜን ካላነሣህ እጄን አላነሣም።»

አሕመድ ፈገግታውን አጠፈ። «ተይው እንግዲህ! ሽቦ ከሽቦ ማሰር ምን ጥበብ አለው?»

«ጥበብ ከሌለውማ ሥራው» ብላ የልብሱን ባልዲ አንሥታ ገባች። ያን ቀን በራሷ ኮራች። ምሳዋን እንኳ በልታ የማታውቅ ያህል በፍላጎት በላች።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሀጂራና ሪሃና ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሐይቁ ዳር ሰው ተሰብስቧል። መሐል ላይ የጋሽ ኢብራሂም ሞተር ቆሟል። የሳጥኑ ጀርባ ከላይ እስከ ታች በቀይ ይነድዳል፤ ዙሪያውን ደግሞ ሰማያዊ ጥልፍ የመሰለ መብራት ተጨምሮበታል። ልጆች ያጨበጭባሉ። አሕመድ እጆቹን ኪሱ ከትቶ እንደ ሙሽራ ቆሟል።

«ኧረ ነፍ አሪፍ ነው!» አለች ሪሃና። የእውነቱን ታሪክ የምታውቀው እሷ ብቻ ስለሆነች ቶሎ ብላ ድምጿን ቀነሰች። «አትቀየሚኝና ካንቺው ይደምቃል።»

ሀጂራም በልቧ ያንኑ እያለች ነበር። ቅናት ቆነጠጣት። ይህን ጊዜ ጋሽ ኢብራሂም ሞተሩን አስነሥተው ለሙከራ በዳርቻው መንዳት ጀመሩ። ጥቂት እንደሄዱ አንዲት ፍየል ዘላ ከፊታቸው ገባች። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጎማው አሸዋውን ቧጠጠው። ሀጂራ መብራቱን ትመለከት ነበር። ምንም አልተለወጠም። ሲሄዱም ሲቆሙም ያው ቀይ።

«አየሽው?» አለች።

«ምኑን?»

«ፍሬን ያዙ እኮ!»

«ታዲያ ይበራል አይደል?»

«ችግሩ እሱ ነዋ፣ ሪሃና። ሁልጊዜ ይበራል።»

አሕመድን እጁን ይዛ ከተገለበጠ ጀልባ ጀርባ ጎተተችው።

«ሁለቱንም መስመር ከአንድ ሽቦ ጋር ነው ያሰርኸው፤ አይደለም?»

«እንዲደምቅ ብዬ ነዋ! ደግሞ ሰው ሁሉ ወዶታል። ቅናት ይዞሽ ነው።»

«ይዞኛል፤ እሺ። ግን ከኋላቸው የሚመጣው መኪና መቆማቸውን በምን ይወቅ?»

አሕመድ ዞሮ የጋሽ ኢብራሂምን ሞተር አየ። ጅል አይደለም አሕመድ፤ ሲነግሩት ይገባዋል። የሚያሸንፈው ይሉኝታው ነው።

«ቅዳሜ በሰበብ አስመልሼ አስተካክለዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«ነገ ሐሙሲት ሊሄዱ ነው። ከነጭጋጉ።»

«አንድ ቀን ምን ይሆናል?»

ሀጂራ እጅጌው የተሰበሰበበትን ክርኑን አየችው፣ ገና ያልጠፋውን ጠባሳ። እሱም ስታየው አየና እጅጌውን ወደ ታች ሳበ።

ብቻዋን ስትቀር ዝም ማለት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ተሰማት። መብራቱ በአሕመድ ስም ነው የተሠራው። ቢበላሽ የሚያፍረው አሕመድ ነው። እንዲያውም ከልቧ አንዱ ጥግ፣ ይዋረድ፣ እሰይ፣ ይል ነበር። ደግሞ ብትናገር መጠየቋ አይቀርም፤ ከተጠየቀች እንፍራንዝ አለ፣ አረም አለ፣ ከሪሃና መለየት አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ጋሽ ኢብራሂም ግን መንገድ የሚገቡት ንጋት ሳይጠራ ነው። ሀጂራ ይህን ስታስብ ተናደደች፤ በአሕመድም፣ በራሷም፣ በዚያ በሚያምር ሰማያዊ መብራትም። ተናድዳ ተነሣች።

ወንዶቹ ከመግሪብ ሶላት በፊት ባለችው ሰዓት ሐይቁ ዳር እዋርካው ሥር ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። አባቷም እዚያው ናቸው፤ አሕመድም። ሁለቱ ሞተሮች ከአጠገባቸው ቆመዋል። ሴት ልጅ እዚያ መሐል የምትገባው ስትላክ ብቻ ነው። ሀጂራን የላካት የለም።

«ጋሽ ኢብራሂም፣ በዚህ መብራት ነገ እንዳይሄዱ።»

የመረቡ ሥራ ቆመ። ጋሽ ኢብራሂም ሳቅ ብለው አዩዋት። «ለምን ልጄ? ይኸው አገር የሚያይልኝ መብራት!»

«ፍሬን ሲይዙ አይናገርም።»

«ሀጂራ» አሉ አባቷ ቆጣ ብለው፣ «መብራት እኮ መታየት ነው። እኛ ስንት ዘመን በአንዲት ፋኖስ ሐይቅ ላይ ስናድር ማንም ገጭቶን አያውቅም። ከታየ ምን ጎደለው?»

ሌሎቹም «እውነት ነው» አሉ። ሁሉም የጀልባ ሰዎች ናቸው፤ ለእነሱ መብራት ይህ ነው። ሀጂራ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባባ፣ ሐይቅ ላይ ፍሬን የለም። ጀልባ ቀስ እያለ ነው የሚቆመው፤ ፋኖሱ 'አለሁ' ካለ ይበቃዋል። አስፋልት ላይ ግን 'አለሁ' ብቻ አይበቃም። 'ልቆም ነው' ማለት አለበት። ካላመኑኝ እንሞክረው። አሕመድ፣ ና እጋሽ ኢብራሂም ሞተር ላይ ተቀመጥ።»

አሕመድ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ሀጂራ ጠበቀችው። ሰው ሁሉ ሲያየው ቀስ ብሎ ተነሣ፣ እሞተሩ ላይ ወጣና መብራቱን አበራ።

«ጋሽ ኢብራሂም፣ እርስዎ ከኋላ ይቁሙ። ፍሬን የያዘ ሲመስልዎ 'ያዘ' ይበሉ።»

ጋሽ ኢብራሂም ዓይናቸውን አጥብበው ቆሙ። «ያዘ!»

«አልያዝሁም» አለ አሕመድ፣ ሳይዞር።

«አሁንስ ለቋል።»

«አሁን ይዤአለሁ፣ ጋሼ።»

ወንዶቹ በሳቅ ፈነዱ። አቶ ቡርሀን ግን አልሳቁም። መረቡን አስቀምጠው መጡና ራሳቸው ከኋላ ቆሙ። ሞከሩ፤ ሳቱ። ደግመው ሞከሩ፤ ደግመው ሳቱ። ከዚያ አሕመድን ወደ ራሱ ሞተር አዛወሩትና እዚያ ሲሞክሩ አንዴም አልሳቱም። «ያዘ። ለቀቀ። ያዘ።» ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ጋሽ ኢብራሂም እጃቸውን እደረታቸው ላይ አድርገው የሐሙሲትን መንገድ አቅጣጫ ተመለከቱ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አሉ አቶ ቡርሀን።

አሕመድ ቀና አለ። ዓይኑ ይለምናታል። መልሱ እምላሷ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ 'አሕመድ ሲሠራ አይቼ' ብትል ሁሉም ሰላም ያድራል። መብራቱ ይስተካከላል፣ ወንድሟ አያፍርም፣ እሷም እንፍራንዝ አትሄድም። እንዲህ የሚመች ውሸት በየቀኑ አይገኝም።

ሀጂራ ሻርፗን ከአውራ ጣቷ ላይ ፈታች።

«ማንም አላስተማረኝም። የኛን መብራት የሠራሁት እኔ ነኝ። ጣቴን ያቃጠለኝም ካውያው ነው። ሬንጁንም ከርስዎ ቆርቆሮ ወሰድሁ፤ ሳላስፈቅድ።»

አቶ ቡርሀን ወደ አሕመድ ዞሩ።

«እውነት ነው?»

«ካቻቢቴ አቀብያታለሁ» አለ አሕመድ።

አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት እመረቡ ላይ ተደፋ። አቶ ቡርሀን ግን ፊታቸውን አልፈቱም።

«ያልሁሽን ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ። እንፍራንዝ።»

«እና?»

«እሄዳለሁ፣ አባባ። የጋሽ ኢብራሂምን ሳልጨርስ ግን ከዚህ አልነሣም። ከዚያ በኋላ ዛሬውኑም ቢሆን ይላኩኝ።»

ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። አባቷን እንዲህ ተናግራቸው አታውቅም። ልትመልሰው ግን አልፈለገችም። ጋሽ ኢብራሂም ድንጋይ ስበው ሞተራቸው አጠገብ ተቀመጡ።

«እኔም መብራቴ ሳያልቅ አልነሣም። ቡርሀን ወንድሜ፣ ነገ መኪና የሚመጣው ከኔ ኋላ ነው፤ ካንተ አይደለም። ልጅቱን ተዋት።»

አቶ ቡርሀን ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ቤት ሄዱ። ሀጂራ ሲሄዱ አየቻቸው። ከዚያ ተንበርክካ ሳጥኑን ፈታች። አሕመድ ያሰረው ሽቦ እርስ በርሱ ተጠላልፎ፣ በናስትሮ ተድበስብሶ ነበር። ሐይቅ ውስጥ አንድ ቀን ቢታጠብ አይተርፍም። ሁለቱን መስመሮች ለያየቻቸው፤ የላይኛውን ሁልጊዜ ከሚበራው ሽቦ፣ የታችኛውን ከፍሬኑ ሽቦ ጋር አገናኘች። ሰማያዊውን ነቅላ ጣለችው። አሕመድ ሳይጠራ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ምን ልያዝ?»

«ፒንሳውን። ደግሞ አትንቀሳቀስ።»

«በጣም ተቆጣሽ?»

«በጣም።»

«ልክ ነሽ» አለ፤ ፒንሳውንም ሳይንቀሳቀስ ያዘ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። አባቷ ናቸው። የሚጨሰውን የሬንጅ ቆርቆሮ በጨርቅ ይዘው መጥተው አጠገቧ አስቀመጡት።

«በደንብ ቀልጧል» አሉ፣ ወደ ሐይቁ እያዩ። «በኛው ሳጥን ላይ ቸኩለሽ ነው የደፈንሽው። በስተግራ በኩል ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። ሁለት ጊዜ ነው የሚለበጠው፤ አንዱ ሳይደርቅ አይደረብም።»

«እሺ አባባ።»

«እንፍራንዙ እንዳለ ነው። ሰው ፊት የተናገርሁትን አላጥፍም።»

«ይቅር በሉኝም አላልሁዎ» አለች ሀጂራ፤ ብሩሹንም አነሣች።

አባቷ እስክትጨርስ ድረስ እዚያው ቆመው እጇን ሲያዩ ቆዩ።

በማግሥቱ ማለዳ የሱብሒ አዛን ሲሰማ ሀጂራ እግቢው በር ላይ ነበረች። ጭጋጉ ወርዶ ዋርካው እንኳ አይታይም። የጋሽ ኢብራሂም ሞተር እያጉረመረመ አለፈ፤ ቀዩ መስመር ብቻውን በነጩ ውስጥ ራቀ፣ ቀጠነ። አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ከሥሩ ሌላ መስመር ቦግ አለ። ጋሽ ኢብራሂም ቆመው መኪና እያሳለፉ ነው፤ ሰውየው ሳይታዩ እሷ ግን ከዚህ ሆና አወቀች። ከዚያ የታችኛው ጠፋ። ሄዱ።

ከኋላዋ አሕመድ የዓሣውን ሳጥን እያሰረ ነበር።

«አሕመድ፣ የእንፍራንዟ አክስታችን ባል ሞተር አላቸው አይደል?»

«ያቺ አሮጌዋ? አዎ። የኋላ መብራቷ ከሠራ ስንት ዘመኑ!»

ሀጂራ ወደ ቤት ገባች። ትምህርት ሊዘጋ ገና ነው፤ ፈተናም አለ። ቢሆንም ከአልጋው ሥር የጉዞ ቦርሳውን ጎትታ አወጣች። ካቻቢቴውን፣ ካውያውንና የተረፈውን ቀይ መብራት ጠቅልላ ከታች አስቀመጠች። ልብስ በኋላ ይደርሳል።